ሰማያዊው ሽብልቅ

አምስቱ አውሮፕላኖች የት የት እንደወደቁ ለማታውቁ፣ ባጭሩ እንነግራችኋለን። የመጀመሪያው ከባለቤቱ እጅ ሳይርቅ አፈር ላይ ተተከለ። ሁለተኛው የጡብ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ነው፤ እስካሁን እዚያው አለ፣ እርግቦች ለምደውታል። ሦስተኛው ዛፍ መረጠ። አራተኛው የፋብሪካው ዘበኛ ያሰጣው ብርድ ልብስ ላይ አረፈ፤ ማረፍ ከተባለ። አምስተኛው ግሩም አድርጎ በረረ። ችግሩ አለመመለሱ ነው።

ስድስተኛው ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ፣ ባለቤቱን ፊት ለፊት እያየ ይመጣበት ነበር።

ባለቤቱ ሶፋ ሠሪ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው፣ ጣቶቹ ላይ ሙጫ የደረቀበት፣ ሲናገር ቀስ የሚል፣ ሲናደድ ጭራሽ የማይናገር ሰው። አውሮፕላኑን የሠራው ፍሪጅ ታሽጎበት ከመጣ ነጭ ፎም ነው። መቁረጡን ይችልበታል። ማብረሩን ግን ማንም አላስተማረውም። በከተማው የሪሞት አውሮፕላን ማብረር የሚያስተምር ሰው አንድ ነው፤ ጡረታ የወጣው ካፒቴን። ሶፋ ሠሪው ስድስት ወር ሙሉ በየእሑዱ የካፒቴኑ ክለብ ሜዳ ዳር እየቆመ "ያስተምሩኝ" ብሏል። ካፒቴኑም አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለውም። "የሚመጣው እሑድ" ነበር የሚለው።

እምቢ ቢለው ይሻል ነበር። እምቢ የተባለ ሰው ቤቱ ይገባል።

ካፒቴኑ ምክንያት ነበረው። አንዲት ልጅ አለችው፤ የዓይን ሐኪም። ሶፋ ሠሪው የክሊኒኳን የእንግዳ መቀበያ ወንበሮች ጨርቅ ለመቀየር ተጠርቶ፣ የአንድ ቀን ተኩል ሥራ አራት ቀን ፈጀበት። ዶክተሯ በእረፍቷ ብቅ እያለች፣ ወንበር በጣቷ ጫን አድርጋ "ይሄኛው በደንብ አልተወጠረም" ትላለች። የተወጠረ ነበር። ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሱ ፈትቶ እንደገና ይወጥረዋል።

ካፒቴኑ ይህን ሁሉ ከማን እንደሰማ አይታወቅም፤ መስማቱ ግን ከፊቱ ይታወቃል።

ከወር በፊት ሶፋ ሠሪው ደብዳቤ ጻፈላት። "አባትሽን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺ ንገሪኝ" ይላል፤ ከዚህ ሌላ ብዙም አይልም። መልስ አልመጣም። ሁለት ጊዜ በክሊኒኩ በር አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ በመስታወቱ አየችው፣ ሁለቱንም ጊዜ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ለራሱ ማለ፤ ማብረር ሳልችል ያን ሜዳ አልረግጥም። እነሆ ሦስት እሑድ እዚህ፣ ጡቦቹ መሐል ነው ያሳለፈው።

አውሮፕላኑ ቀረበ። የሚያስቸግረው ይህ ነው። ሲርቅ ግራህ ግራው ነው፤ ዞሮ ወደ አንተ ሲመጣ ግራህ ቀኙ ይሆናል። አስተማሪ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚነገረውን፣ ሶፋ ሠሪው ከአምስት ስብርባሪ ነበር የሚለቅመው። አሁንም በእሱ ግራ በኩል ያለው ክንፍ ዘመም አለ። እጁ ወደ ቀኝ ሊሸሽ ቃጣው።

ያኔ ነው አውሮፕላኑን ትቶ በሐሳቡ ሶፋ ያየው። አንድ እግሩ ያጠረ፣ በግራ በኩል የተጣለ ሶፋ። እንዲህ ያለውን ከሥራው ውጭ አስቦት አያውቅም፤ እጁ ያውቀዋል። ከእግር ሥር የሚወተፈው ሽብልቅ የሚገባው በተጣለው በኩል ነው።

የሪሞቱን ዘንግ ክንፉ ወደተጣለበት ገፋ። ክንፉ ቀና አለ። ሌላው ተጣለ፤ ወደዚያ ገፋ፤ ቀና አለ። አውሮፕላኑ ትከሻውን እያስተካከለ እንደሚመጣ እንግዳ ሜዳውን አቋርጦ፣ ከእግሩ ሁለት እርምጃ ርቆ በሆዱ ተንሸራተተና ቆመ።

ሶፋ ሠሪው እዚያው ቁጭ አለ። የሚነግረው ሰው አልነበረም። የአውሮፕላኑን ሆድ ከፍቶ ባትሪውን አወጣና፣ ከባትሪው ኋላ የተወሸቀውን ሰማያዊ ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። ስምንት ቦታ ታጥፎ በሕክምና ፕላስተር የተጠቀለለ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ወረቀት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሶፋ አድርሶ ሲመለስ ነበር ሱቅ ትቶት በሄደው በዚሁ በስድስተኛው አውሮፕላን ውስጥ ያገኘው። ከዚያ በፊት ባትሪው እየተንሸራተተ ያስቸግረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። የሠራለት አሠሪው ጋሼ እንደሆነ አልተጠራጠረም። ጋሼ መዶሻ በሳተ ቁጥር ጣቱን በፕላስተር ይጠቀልላል፤ ሰማያዊ ወረቀትም ከዓይን ክሊኒኩ መነጽር ሲታዘዝለት ኪሱ ውስጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ያስገቡልኝ ወረቀት ልክ ነው። እግዜር ይስጥልኝ" ብሎት ነበር ያን ቀን።

"ምን ችግር አለው፤ ለዚህ አይደል ያለሁት" አለ ጋሼ። ጋሼ በሕይወቱ የተሰጠውን ምስጋና መልሶ አያውቅም።

ፀሐይዋ ከጡቦቹ ኋላ ስትገባ ሶፋ ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ችሏል፤ ደስታው ግን የት እንደሚቀመጥ አጥቶ ደረቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

*

ቅዳሜ ጋሼ መነጽሩን ሊያስጠብብ ክሊኒክ ሄዶ ተመለሰ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሼ ጉሮሮውን ከጠረገ ዜና አለ ማለት ነው።

"ያቺ ዶክተር ዕቃዋን እየሸከፈች ነው።"

ሶፋ ሠሪው አፉ ውስጥ ሦስት ምስማር ነበር። አላወጣቸውም።

"በካርቶን። መጽሐፏን ሁሉ። ልጅቷን ጠየቅኳት፣ ያቺን በር ላይ የምትቀመጠውን። ሌላ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ተቀጥራለች አለችኝ። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄዳለች። እኔ ነገር መጠየቅ አልወድም፣ ታውቀኛለህ።"

"አውቅዎታለሁ" አለ ሶፋ ሠሪው በምስማሮቹ መሐል።

"አንተ ያን ደብዳቤ ጽፈህ አልነበር? ያን 'መጀመሪያ ግን አንቺ ንገሪኝ' የሚለውን?"

"እንዴት አወቁ?"

"ጠረጴዛ ላይ ትተኸው።" ጋሼ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "ጥሩ ደብዳቤ ነው። ለደንበኞች አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁሉም ወደውታል።"

ሶፋ ሠሪው ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ ደረደራቸው።

"እና መለሰችልህ?"

"አልመለሰችም።"

"ይሄ ራሱ መልስ ነው እንግዲህ" አለ ጋሼ፤ ወዲያው ግን የልጁን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወይም አይደለም። እኔ ምን አውቃለሁ። ነገ ግን እሑድ ነው። አባትየው ሜዳ ላይ ይሆናሉ፣ እሷም መሰናበቷ አይቀር። እዚህ ቁጭ ብለህ ምስማር ብትቆጥር ማንም አይመጣልህም፣ የኔ ልጅ።"

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን አነሳ። አንድ ምስማር ሊመታ ሦስቴ ጣቱን መታ። የሚያመው ጣቱ መስሎት ነበር።

*

የክለቡ ሜዳ ሣሩ የታጨደ፣ ሁለት ነጭ መስመር የተሠመረበት ነው። ከመስመሩ ዳር የካፒቴኑ ታጣፊ ወንበር ይቀመጣል። ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። የወንበሩ ሸራ በግራ በኩል ከስፌቱ እየለቀቀ ነው፤ ካፒቴኑ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ሰው ግን አኳኋኑ ኩራት ይመስለዋል። ሶፋ ሠሪው ገና ከስድስት ወር በፊት አይቶታል። አልተጠየቀም፣ አልተናገረም።

"ኦ፣ ስፖንጅ!" አለ ኢንጂነሩ። ኢንጂነሩ ከክለቡ አባላት ሁሉ ውድ አውሮፕላን ያለው ሰው ነው፤ መኪናውም እንደዚያው። "ዛሬ ደግሞ ትራስ ይዘህ መጣህ?"

"የሚበር ትራስ ነው" አለ ሶፋ ሠሪው።

ዶክተሯ ከአባቷ ጎን ቆማለች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሶፋ ሠሪው ሲቀርብ አላወለቀችውም፤ ጥቂት ብቻ ወደ እሱ መጣች፣ ሌላው እንዳይሰማ።

"መጣህ" አለች።

"መጣሁ።"

"በመጨረሻው ቀን።" ድምፅዋ ክሊኒክ ውስጥ እንደምትናገረው ነው፤ የለሰለሰ፣ የማይጨበጥ። "ለመናገር ነው የመጣኸው ወይስ ለማብረር?"

ሶፋ ሠሪው ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላወቀም። አባቷ ፊት ምን ይዞ እንደሚቆም የጠየቀችው መሰለው። ባዶ እጁን፣ እንደ ለማኝ፣ አባቷ ፊት እንዳይቆም ነው ይህን ሁሉ የደከመው።

"መጀመሪያ ላብርር" አላት።

"ገባኝ" አለችና ተመልሳ ሄደች። ምን እንደገባት አልገባውም።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ሳይነሳ ነጩን አውሮፕላን ከአፍንጫ እስከ ጅራት አየው። "ማን አስተማረህ?"

"ማንም።"

"ሰው ላይ ቢወድቅ ማንን ልጠይቅ?"

"እኔን።"

"የሚመጣው እሑድ..." ብሎ ጀመረ ካፒቴኑ።

"አባዬ፣ ይብረርና ይብቃ" አለች ዶክተሯ ወደ ሌላ እያየች። "ለዚህ ነው የመጣው።"

ካፒቴኑ ሴት ልጁን አየ፤ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ተነስቶ አንድ ዙር ይዞራል፣ በሁለቱ መስመር መሐል ያርፋል። ከተከሰከሰ ግን ሁለተኛ እዚህ አላይህም። ክፈተው። የማየው ተማሪዬ ስለሆንክ አይደለም፤ ሜዳው የኔ ስለሆነ ነው።"

ሶፋ ሠሪው የአውሮፕላኑን ሆድ ከፈተ። ካፒቴኑ ጎንበስ አለና ቅንድቡ ተነሳ።

"ወረቀት? ባትሪ አጠገብ? ባትሪ ሲግል ምን ይሆናል?"

"ሊቀጣጠል ይችላል።"

"ወረቀትስ?"

ካፒቴኑ ሰማያዊውን ሽብልቅ በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣውና በሶፋ ሠሪው የሸሚዝ ኪስ ከተተው። "አስተማሪ ቢኖርህ ይሄን ታውቅ ነበር።"

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ ከአባቷ ጣት ወደ ሸሚዙ ኪስ፣ ከኪሱ ወደ ፊቱ ሄደ። ፕላስተሩ እንደተጠቀለለ ነበር፤ አንድ ጫፉ እንኳ አልተላጠም። ከንፈሯ ተከፈተ። ሶፋ ሠሪው ፊቷ ሲለዋወጥ አየና፣ ወረቀት ባትሪ አጠገብ በማኖሩ ያፈረችበት መሰለው። ጆሮው ድረስ ነደደ።

"ያ ወረቀት..." አለች።

"ካረፈ በኋላ" አለ ካፒቴኑ። "በማብረሪያው መስመር ላይ አይወራም።"

"አባዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።"

"አይወራም።" ሕጉን የጻፈው እሱ ነው።

ሶፋ ሠሪው ለክፍተቱ የሚሆን ነገር ፈለገ። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚኖረው ቁራጭ ስፖንጅ ነበር። ጠቅጥቆ ከባትሪው ኋላ ወሸቀው። ስፖንጅ ሲጫኑት እንደሚተኛ በዚያ ሜዳ ላይ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እጁ ግን ቸኩሎ ነበር፣ እሷም እያየችው ነበር።

ነፋሱን ፊቱ አድርጎ ወረወረው።

ነጩ አውሮፕላን ተነሳ፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደተማረ ሰው። ኢንጂነሩ እንኳ "እንዴ" አለ። ሜዳውን ጨርሶ ወደ ግራ ዞረ። ሶፋ ሠሪው ትንፋሹን ሊያወጣ ሲል፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሳያዘው ቀና አለ። ወደ ታች ገፋው። እንደገና ቀና አለ፣ ይበልጥ። አውቆታል። ስፖንጁ ተኝቷል፤ ባትሪው ወደ ጅራቱ ሄዷል።

አውሮፕላኑ ሰማዩ ላይ እንደ ሰካራም ቆም አለ፣ ተንገዳገደ፣ ዞረ። የዞረው ወደ እነሱ ነው።

ሰዎቹ ተበተኑ። ኢንጂነሩ ከውዱ መኪናው ኋላ ገባ። ዶክተሯ አልተንቀሳቀሰችም። በመስመሩ ጫፍ እንደቆመች ነበረች፤ የምታየው አውሮፕላኑን አልነበረም።

"ሪሞቱን ስጠኝ" አለ ካፒቴኑ እጁን ዘርግቶ።

"አልሰጥም።"

"ልጄ ላይ ነው የሚመጣው! አምጣ!"

"አልሰጥም፣ ካፒቴን።" ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍቶ ያዘው፤ ትንሽ ቢያላላ አፍንጫው ቀና ብሎ፣ ቆሞ፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። በግራው ያለው ክንፍ ተጣለ። ሽብልቅ። በቀኙ ያለው ተጣለ። ሽብልቅ። የሞተሩ ድምፅ ጥርሱ ውስጥ ገባ። ካፒቴኑ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ ሊነጥቅ ይችል ነበር፣ አልነጠቀም።

"ተወው፣ አባዬ" አለች ዶክተሯ በቀስታ።

ነጩ አውሮፕላን ከጭንቅላታቸው በላይ አላለፈም። ዝቅ አለ፣ ሣሩን ላሰ፣ በአንድ ክንፉ ተተክሎ ዞረና ክንፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከእሷ ጫማ ሦስት እርምጃ ነበር የቀረው።

ከመኪናው ኋላ ድምፅ መጣ። "ይሄ ማረፍ ነው?"

ካፒቴኑ መስመሮቹን አየ፣ ስብርባሪውን አየ። "ግማሹ" አለ።



*

"ኪስህ ውስጥ ያለውን አንብበው" አለች ዶክተሯ።

"የቱን?"

"ወረቀቱን።"

"የጋሼ የመነጽር ማዘዣ ነው።"

"አንብበው አልኩህ።"

ፕላስተሩን ላጠ። ስምንቱን እጥፋት ዘረጋ። ሰማያዊ የክሊኒክ ወረቀት ነው፤ የሐኪም ጽሕፈት፣ ለዚህ ሲባል ተጠንቅቃ የጻፈችው። ክንዱን ዘርግቶ፣ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ አነበበ።

"ይህን እዚህ የከተትኩት ጋሼ የማይከፍተው ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው። መልሴ እሺ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የተሻለ ቃል ፈለግሁ፣ የለም። ለአባቴ ግን በደብዳቤ እንዳትነግረው፣ ሰውም እንዳትልክበት። እሑድ ሜዳው ድረስ ና፤ አጠገብህ እቆማለሁ፣ አንተ ንገረው። ማብረር የሚችል ሰው ሞልቶታል። ያጣው ፊቱ ቆሞ የሚናገር ነው። እስከ ወሩ የመጨረሻ እሑድ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ካልተናገርክ ሐሳብህን ለውጠሃል ብዬ ሌላ ከተማ ወዳገኘሁት ሥራ በማግስቱ እሄዳለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተም እንዳትነግረኝ። ደግሞ ይህን ስታነብ ወረቀቱን እያራቅከው ነው፤ መነጽር ያስፈልግሃል ብዬህ ነበር።"

ክንዱን አጠፈ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ፊደሎቹ ደበዘዙ፣ የደበዘዙት ግን ከመነጽር ጋር በተያያዘ አልነበረም።

"ሦስት ሳምንት" አለች። "ሦስት ሳምንት ይዘኸው ስታበርር ነበር።"

"ጋሼ የሠራልኝ መስሎኝ።"

"ለምን?"

"ባትሪው እንዳይንሸራተት።"

ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ገና አልለየም። "እና... ይንሸራተት ነበር?"

"እሱ እያለ አንድ ቀንም አልተንሸራተተ።"

በክሊኒኩ በር ያለፈባቸው ሁለቱ ቀኖች፣ ፊቷን ያዞረችባቸው፣ አሁን ተገልብጠው ታዩት። ከእሱ የሸሸች መስሎት ነበር፤ ለካ መልሷን ሰጥታ እሱን እየጠበቀች ነበር፤ ወደ እሱ ስትመጣ ነው ግራና ቀኙ የጠፋበት።

ዞረ። ካፒቴኑ ስብርባሪው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ወደ ጅራቱ የሄደውን ባትሪ ያያል። ሶፋ ሠሪው ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ዶክተሯ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ እንደጻፈችው።

"ካፒቴን፣ የመጣሁት ለማብረር አልነበረም። ተሳስቼ ነው። ልጅዎን እወዳታለሁ፣ ላገባትም እፈልጋለሁ። መልሷን የሰማሁት አሁን ነው፤ ስለዚህ ዘግይቻለሁ።"

ካፒቴኑ ቀና አለ። "የምትሠራው ሶፋ ነው።"

"ወንበርም።"

"ስድስት ወር ያቆምኩህ ይታክተዋል ብዬ ነው።"

"ታክቶኝ ነበር።"

ኢንጂነሩ ከመኪናው ኋላ አልወጣም፤ ጆሮው ግን ወጥቷል።

"ሪሞቱን ለምን አልሰጠኸኝም?"

"ባትሪው እንደተንሸራተተ እርስዎ አያውቁም ነበር። እስኪያውቁት ይደርስባት ነበር።"

ካፒቴኑ ባትሪውን በእጁ መዘነው። ሠላሳ ዓመት ሰው አሳፍሮ ያበረረ ሰው ነው፤ እጁን ዘርግቶ የተከለከለበትን ቀን አያስታውስም።

"እንግዲህ" አለ፣ "የሚመጣው እሑድ ቁጭ ብለን..."

"አይ፣ አባዬ" አለች ዶክተሯ። "ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለኝ። ዛሬ።"

አባትና ልጅ ተያዩ። ሶፋ ሠሪው እሷ በየት በኩል አባቷን እንደምትመስል ያን ጊዜ አየ፤ አገጯ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው ካፒቴኑ ሆነ። ሄዶ ታጣፊ ወንበሩን አነሳና አምጥቶ ሶፋ ሠሪው ፊት አቆመው።

"ተቀመጥ" አለ። "ቆሞ የሚነገር ተነግሯል። የቀረው ተቀምጠን የምንነጋገረው ነው።"

ሶፋ ሠሪው ወንበሩን አየ። የግራው ስፌት አምስት ክር ቀርቶታል፤ ቢበዛ ስድስት። በዚያ ሜዳ ላይ ስንት እንደቀረው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ተቀመጠ። ከሥሩ ክሩ አንድ በአንድ ሲበጠስ ተሰማው። ዶክተሯ ከኋላው መጥታ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች፤ እሱም አልተነሳም።